ለሰርዶ የቆረጥነው እንሰት

ሰው የቡናን ነገር ሲያነሣ ስለ አበባው ንጣትና ስለ ፍሬው ቅላት ያወራል። ስለ አረሙ የሚያወራ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ያንን ዘመን ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሰርዶ ነው። ከላይ ሲያዩት ለከብት የሚሆን ሣር ይመስላል። ከታች ግን ነጭ ሥሩን እንደ ሲባጎ እየዘረጋ የቡናውን ሥር ይተበትበዋል። ሌላው አረም ጨዋ ነው፤ አጭደው ቢጥሉት እዚያው በስብሶ መሬቱን ያደልባል። ሰርዶ ጨዋ አይደለም። ከሥሩ ጣት የምታህል ቁራጭ አፈር ውስጥ ከቀረች ያችው በቅላ ትመለሳለች።

ያኔ ገና የተዳርኩ ሰሞን ነበር። የባሌ ቤት ከይርጋጨፌ በላይ፣ ወደ ገደብ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ከሚታይበት ጉብታ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ የምንኖረው ሦስት ነን፤ ባሌ፣ እናቱ አማቴና እኔ። ቡናውን የባሌ አባት ተከሉት፣ ባሌ አሳደገው። መሬቱ ግን የእኛ አልነበረም። ባለርስቱ ዲላ ይቀመጣሉ፣ እኛ ጭሰኞች ነን፣ ከሚለቀመው ቡና እኩሌታው የእሳቸው ነው። ዛሬ ይህን ስናገር ልጆቼ «እንዴት እሺ ትሉ ነበር?» ይሉኛል። እሺ ያላለው የት እንደደረሰ ስላላዩ ነው።

እኔ የዲላ ልጅ ነኝ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ስለነበር አማርኛ እችላለሁ። በዚህ ምክንያት የባለርስቱ ወኪል በመጣ ቁጥር በአማቴና በእሱ መካከል ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ወኪሉ ከሰሜን የመጣ፣ በበቅሎ የሚሄድ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። በፊቱ አንቱ እለው ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ እለዋለሁ፤ ዕድሜ ደጉ፣ ይህን ያህል ድፍረት አግኝቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው በየካቲት ነው። ለቀማው አልቆ ባሌ የጥላ ዛፉን ሊከረክም ወጣ። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ጥላው ከበዛ ግን ይታፈናልና በየዓመቱ ቅርንጫፉን ማሳሳት የግድ ነው። በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን ቆራርጦ ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሻገር የረገጠው ቅርንጫፍ ተሰበረ። ስንደርስ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ፣ ገጀራው ግን አሁንም በእጁ ነበር። ወጌሻው መጥቶ በቀርከሃ አሰረለትና «ክረምቱ ሳይገባ መሬት እንዳትረግጥ» ብሎት ሄደ። ባሌ ጣራ እያየ ተኛ።

ዛፉ ላይ በከፈተው ቀዳዳ ፀሐይ ገባች። ፀሐይዋ ስትገባ ሰርዶው ተከትሎ ገባ። ከዚያ በፊት መንገድ ዳር ተኝቶ ነበር የሚኖረው፤ ጥላ ስለማይወድ ወደ ቡናው አይደፍርም። አሁን ብርሃን ሲያገኝ ድንበሩን ተሻግሮ ቁልቁለቱን ወረደው። የበልጉ ዝናብ ደግሞ ያን ዓመት አልሰሰተም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት ይህንን ነው።

አማቴና እኔ ማጭድ ይዘን ገባን። ግን ሁለት ሴት ነን። ውኃ አለ፣ እንጨት አለ፣ የሚፋቅ እንሰት አለ፣ አልጋ ላይ የሚገላበጥ በሽተኛ አለ። ከፊት ስናጭድ ከኋላችን ይበቅላል። በእኛ አገር የታጨደ አረም ከማሳ አይወጣም፤ እዚያው ከቡናው ሥር ይነጠፋል። ዝናቡ አፈሩን እንዳይወስደው፣ ፀሐዩ ሥሩን እንዳያደርቀው ነው። አማቴ «መሬት ራቁቱን አይደር» ይሉ ነበር። እንደ ልማዳችን አነጠፍን። ሰርዶውም በንጣፉ ሥር ለሥር ሄደ።

በሚያዝያ ወኪሉ መጣ። ከበቅሎው ሳይወርድ ማሳውን አየና በአለንጋው አመለከተ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ባለቤቴ እግሩ ተሰብሮ ነው ጌታዬ» አልኩት።

«እግሩን ማን ጠየቀሽ? መሬቱን ነው የጠየቅኩት።»

አማቴ በጌዴኦኛ «አጭደን ያነጠፍነው ለቡናው ልብስ እንዲሆነው ነው በይው» አሉኝ። አልኩት። ሳቀ።

«እኛ አገር ጤፍ ማሳ ውስጥ አንዲት አረም ከታየች ሰውየው ገበያ መውጣት ያፍራል። እናንተ ጉድፋችሁን አልብሳችሁ ማሳ ትሉታላችሁ። ስሚ አንቺ ልጅ፤ ነሐሴ ሲያልቅ እመጣለሁ። አፈሩ ቀይ ሆኖ ይታየኝ፣ አንዲት ሣር እንዳላይበት። ዳዋ የለበሰ መሬት ባለቤት የለውም። ጌታው አርሞ ለሚይዝላቸው ሰው ይሰጡታል።»

ይህን ለአማቴ መተርጎም ነበረብኝ። እሳቸው ግን ከፊቴ አስቀድመው አንብበውታል፤ ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁና ወደ ቤት ገቡ።

ያን ዕለት እሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን መከርን። ባሌ ከአልጋው ሆኖ «ደቦ እንጥራ» አለ። ሌላ መንገድም አልነበረም። ያን ቁልቁለት በአንድ ቀን ሊያጸዳው የሚችለው ከታችም ከላይም የመጣ ሰው ነው። ደቦ ለማያውቀው በነጻ ይመስላል። ጉልበቱ በጉልበት ይመለሳል፣ እሱስ ደህና ነው። የመጣው ሰው ግን ጠግቦ መመለስ አለበት። ያልጠገበ ደቦ ወደዚያ ቤት ሁለተኛ አይመጣም፤ ስሙም እስከ ገደብ ገበያ ይሰማል። ጥጋብ ማለት በእኛ ዘንድ ቆጮ ነው፣ ቆጮ ማለት ደግሞ እንሰት መቁረጥ ነው። እንሰት የሴት ነው፤ ስለዚህ የአረሙ ዋጋ ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው አማቴና እኔ ላይ ነበር።

አማቴ «የቱን ነው የምንቆርጠው?» አሉ።

የደረሰው እንሰት ባሌ ከወደቀ ወዲህ ተበልቷል፤ ወጌሻው በልቶታል፣ ጠያቂው በልቶታል፣ እኛም በልተነዋል። የቀረው ገና ያልደረሰው ነው። እንሰት እንደ ጎመን አይደለም፤ ተተክሎ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተተክሎ፣ ዓመታት ቆይቶ ነው ለሰው የሚሆነው። ደህና ቤት ዘንድሮ የሚቆርጠው፣ ለከርሞ የሚያቆየው፣ ለወዲያኛው የሚያሳድገው አለው። ያልደረሰውን የቆረጠ የሚመጣውን ዓመት ምግቡን ቀድሞ በላ ማለት ነው።

«ሰው ጠርተን በጎመን ልንሸኝ ነው?» አለ ባሌ።

«አንተ እዚያ ተኝተህ ማዘዝ አይከብድህም» አሉት። ወዲያው ግን ድምፃቸው ለስለስ አለ። «መሬቱ ከሄደ እንሰቱስ የት ይቆማል? በሉ እንቆርጣለን።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በማግስቱ ጀመርን። ገጀራው ሲገባ ግንዱ ለስላሳ ነው፣ እንደ ልጅ ክንድ፤ ውኃው ይፈሳል። ስንፍቀው ከሥጋው ይልቅ ውኃው በዛ። አንድ ትልቅ እንሰት ከሚሰጠው ጋር ለመስተካከል ስንት ትንሽ እንደጣልን ልናገር አልፈልግም፤ ጓሮው ብርሃን እስኪሆን ድረስ ጣልን። ከቤቱ በስተኋላ ሁልጊዜ ጨለማና ቀዝቃዛ የነበረው ቦታ ድንገት ሰማይ ታየበት። አማቴ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩና «ቤታችን ተላጨ» አሉ። እየሳቁ ነው ያሉት። እኔም ሳቅኩ። የፋቅነውን በቅጠል ጠቅልለን ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው፣ እስኪብላላ ጠበቅን።

ደቦው የመጣው በግንቦት ነው። ጎረቤቱም፣ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም፣ ከደጋው የአማቴ ዘመዶችም ዶማቸውን ተሸክመው መጡ። ሲዘፍኑ ከታች ጀምሮ ይሰማ ነበር፤ አማኞቹ መዝሙር ያወጣሉ፣ ያላመኑት የአባቶቻቸውን ዜማ ያወጣሉ፣ ዶማው ለሁሉም እኩል ይወርዳል። አማኞቹ መጠጥ አይቀምሱም። ለመጠጡ ሊሆን የሚገባውን ቦታ ግን በቆጮ ይሞሉታል፤ እኔም አማኝ ስለሆንኩ ይህን ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

ሥራው ሊጀመር ሲል አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሰርዶውን ቆፈር አድርገው አዩና ለባሌ እንዲህ አሉት፤ «ይሄ እኮ በዶማ አይነካም። በጣት ተይዞ፣ ሥሩ ተከትሎ፣ እስከ መጨረሻው ነው የሚወጣው።»

ባሌን በር ላይ ቆዳ አንጥፈን አስቀምጠነው ነበር። «አውቃለሁ አባባ» አለ።

ማወቁንማ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እዚያ ከቆመው ሰው መካከል የማያውቅ አልነበረም። ግን በጣት ከሆነ ያን ቁልቁለት ለመጨረስ ሰዉ ተመላልሶ መምጣት አለበት፤ የቀበርነው ቆጮ ደግሞ ለአንድ ቀን ነው የሚበቃው። ሁለተኛ ቀን የምናበላው የለንም። ወኪሉ የፈለገው ቀይ አፈር ነው፤ ዶማ በአንድ ቀን ቀይ አፈር ያሳያል። ሽማግሌው ወደ ጓሯችን ዘወር ብለው የተላጨውን አዩ። ከዚያ ዶማቸውን አነሡና «ተነሡ እንግዲህ» አሉ።

ሲመሽ ማሳው ቀይ ሆኖ ነበር። አንድም አረንጓዴ አልቀረም፤ ንጣፉ ተጠርጎ፣ አፈሩ ተገልብጦ፣ ቡናዎቹ ባዶ መሬት ላይ ቆመው። ዲላ ሳለሁ የተጠረገ ግቢ አይቼ ደስ እንደሚለኝ ደስ አለኝ። ዳንን ብዬ አሰብኩ። በልቤ ሳይሆን ድምፄን አውጥቼ «ዳንን!» አልኩ፤ ባሌም ሰምቶ ሳቀ፤ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ሰዉ በላ። ቆጮው ስስ ነው፣ ሲጋገር ይፍረከረካል፣ ጣዕሙ ገና ውኃ ውኃ ይላል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። አንዲት የደጋ ዘመዳችን ብቻ ቁራሹን እያገላበጠች «ይሄስ ገና ጥርስ አላወጣም» አለች፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አማቴም አብረው ሳቁ። ሰዉ ከሄደ በኋላ ግን ከቤቱ ጀርባ፣ ከጉቶዎቹ መካከል ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከዚያ ዘነበ። መሬቱ ራቁቱን ስለነበር ቀዩ አፈር እየተገፋ ወደ ቦዩ ወረደ፤ አንዳንዱ ቡና ሥሩ ተገልጦ ታየ። ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ ማለዳ ወጥቼ ሳይ አፈሩ ላይ አረንጓዴ ነገር እንደ ወፍጮ ዱቄት ተነስንሷል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰርዶ ነው። ዶማው የቆራረጠው እያንዳንዱ ሥር በየፊናው በቅሏል። አንድ የነበረው አሥር ሆኗል። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ። ያን ሁሉ ሰው ጠርተን፣ የከርሞውን ምግብ አብልተን፣ ሰርዶ በደቦ አስዘርተናል።

ቤት ገብቼ ስነግረው ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። እኔም ተናደድኩበት፤ የተናደድኩት ጥፋት ኖሮበት አይደለም፣ የምናደድበት ሰው ስላጣሁ ነው። «እንሂድ» አልኩት። «ይውሰዱት፣ እንሂድ።»

«ወዴት?» አለኝ።

የአባቴ ቤት ዲላ ጥግ ላይ አንዲት ክፍል ናት፤ እህቶቼ ገና በውስጧ አሉ። ሌላ ጭሰኛ የሚቀበል መሬት ብንፈልግ እንኳ እግሩ የተሰበረ ሰው ማን ይቀበላል? ከድጡ ወደ ማጡ ገብተናል፤ ከማጡ ደግሞ መውጫው አይታይም።

አማቴ ናቸው የተነሡት። ማጭዱን ትተው፣ ዶማውን ትተው፣ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ከማሳው ጫፍ ተንበረከኩና አንዷን ሰርዶ ያዙ፤ ጣታቸውን አፈር ውስጥ ሰደው ሥሩን ተከትለው ተከትለው እስከ መጨረሻው አወጡት። መሬት ላይ ቢጥሉት እርጥበት አግኝቶ ተመልሶ ይተከላል፤ ስለዚህ ቡናው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄዱ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

ሰኔንና ሐምሌን እንዲህ ሆነን አሳለፍን። ባሌ እግሩን ባይረግጥም መቀመጥ ይችላልና በቂጡ እየተንፏቀቀ መጣ፤ ቁልቁለቱን ወደ ታች እየተንሸራተተ ይነቅላል፣ ሲመሽ ግራና ቀኝ ደግፈን ወደ ላይ እናወጣዋለን። የቡናዎቹ ቅርንጫፍ ሁሉ በደረቀ ሥር ተሞላ። ጥፍሬ ከሥጋው ተላቀቀ። አማቴ ጣቶቻቸው አልታጠፍ ብለው ጽዋ መያዝ አቃታቸው፣ እያጎነበስኩ አጠጣቸው ነበር።

የምንበላው ጎደሬ ነው። ጎደሬ ሲያልቅ የዱባ ቅጠል፤ የዱባ ቅጠል ሲሰለቸን ጎመን ያለ ቆጮ። ጎመን ያለ ቆጮ የበላ ሰው በልቶ እንዳልበላ ነው። የሚያልፍ ሰው ረሃባችንን እንዳያውቅ ጭስ እናጨስ ነበር፤ የሚጋገር ያለን እንዲመስል። ጎረቤት የተወሰነ ሰጠን፣ ግን እሱም ቤቱ ያው ነው፣ ያውም የራሱ አረም አለበት። ማታ ማታ ጸሎት ሳደርስ እግዚአብሔርን ስለ ሰርዶ መለመን ያሳፍረኝ ነበር። ሰው ጤና ይለምናል፣ ልጅ ይለምናል። እኔ ግን ሌላ የምለምነው አልነበረኝም፤ ይህን ሣር ከምድር ላይ አጥፋልኝ እለው ነበር። ጠዋት ስወጣ ያው በቅሎ አገኘዋለሁ። ብዙ ጊዜ ተስፋ ቆርጫለሁ፤ የተስፋ መቁረጥ ክፋቱ ሥራ አለማስቀረቱ ነው።

ግን አለቀ። ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ሲጋመስ የሚበቅለው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። አንድ ማለዳ ከላይ እስከ ታች ሄድን፤ የሚነቀል አላገኘንም። ቡናውም ያን ዓመት አፈራልን፤ አረንጓዴው ፍሬ ቅርንጫፉን ወደ መሬት ጎትቶታል። ባሌ በምርኩዝ ቆሞ አየው። «ይሄ ሲለቀም ከገደብ ቆጮ እንገዛለን፣ የእንሰት ችግኝም እንተክላለን» አለ። አማቴ በዓይናቸው ጓሮውን ለኩት፤ የቱ የት እንደሚተከል ማሰብ ጀምረዋል።

ወኪሉ ቃሉን አላጠፈም፤ ነሐሴ ሲያልቅ መጣ። ያን ቀን ከበቅሎው ወረደ። ለጫማው ሳይሳሳ ቡናው ውስጥ ገባ፣ በከዘራው እዚህም እዚያም አፈሩን ጫረ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። አንዲት ሣር አላገኘም። ፍሬውን በእጁ አፈሰና መዘነ።

«ጎበዞች ናችሁ» አለ። «እውነቴን ነው። በዚህ ወገን እንዲህ የተያዘ ማሳ አላየሁም።»

ይህን በደስታ ተረጎምኩ። አማቴ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። እሱም ቀጠለ፤ ድምፁ አልተለወጠም።

«ጌታው ዘንድሮ ቡናቸውን በገዛ እጃቸው ሊያለሙ አስበዋል። ቡና ዋጋ አውጥቷል፤ ለጭሰኛ እኩል መስጠት አያዋጣቸውም። ከየትኛው ልጀምር ብለው ሲጠይቁኝ፣ ዳዋ የበላውን ይዘው አይልፉ፣ ንጹሕ የሆነውን እመርጥልዎታለሁ ብያቸው ነበር። ይሄው ተገኘ። መስከረም ሳይጠባ ቤቱን ልቀቁ።»

አልተረጎምኩም። ባሌ የሚያውቃት አማርኛ ጥቂት ናት፤ ግን ፊቴን ስላየ «ፍሬውስ?» አለው በተሰባበረ አማርኛ።

«ፍሬው የመሬቱ ነው» አለ ወኪሉ።

አማቴ ክንዴን ያዙኝ። «ምን አለ? አልታረመም አለ?»

«አይደለም» አልኳቸው። «ታርሟል ነው የሚለው።»

«ታዲያ?»

ነገርኳቸው። እንደ ሰማሁት፣ አንድም ቃል ሳልጨምር ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው ዘወር ብለው የእኛን ማሳ አላዩም፤ ያዩት የጎረቤታችንን ነው። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ደቦ የምትጠራበት እንሰት ስላልነበራት ማሳዋ ሰው እስከሚውጥ ድረስ በአረም ተሞልቷል። እሷን ማንም አልነካትም። አማቴ «ምነው እንሰቱን ባልቆረጥን» አሉ።

ወኪሉ በቅሎው ላይ ከወጣ በኋላ መለስ አለ። «ለአረም ሰው ይፈለጋል። እናንተ ታውቁበታላችሁ፤ በቀን ሥራ ኑ፣ ጌታው ይከፍላሉ።» የተናገረው ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ደግነቱ ነው።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ዲላ ድረስ ሄደው ባለርስቱ ደጅ ላይ ቆሙ። ውለው ተመለሱ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ፤ እኛ ላይ ግን ምሳር እንኳ አልበዛም፣ ያነሣነውን የሰማ ሰው አልነበረም። የባሌ አጎት ከቤታቸው ጎን አንዲት ጎጆ ለቀቁልን። ዕቃችን ብዙ አልነበረም። ጓሮ የቀሩትን ትንንሽ እንሰቶች ልንነቅል ስንል የወኪሉ ዘበኛ «እሱም የመሬቱ ነው» ብሎ ከለከለን።

አማቴ አዲሷ ጎጆ ውስጥ ገብተው «የዚያን ሰውዬ አረም የሚነቅል እጅ ከእጄ ጋር አይበላም» አሉ። ባሌ ገና እግሩ አልጸናም። ጎደሬ እንኳ የሌለበት ቤት ሆነ። የተናገሩትን ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ በማግስቱ በጠዋት ወደ ድሮው ማሳችን ለቀን ሥራ ሄድኩ።

የሥራው አለቃ፣ ካቦው፣ አዲስ ሰው ነው፤ አያውቀኝም። የሥራ ቦታ ሰጠኝና «ከሥሩ ንቀይው፣ አትበጥሺው» አለኝ። ዝናቡ ካባራ ወዲህ ሰርዶው እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብሏል። ከመንገድ ጀምሮ ሳሰላስል የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ ከላይ ከላይ እበጥሰዋለሁ፣ ሥሩን አፈር ውስጥ እየቆራረጥኩ እተወዋለሁ፣ በጥቅምት መሬቱን ይብላባቸው። ማንም አያውቅም። ፊታቸው ሳይቀላ ፍሬ የወሰዱ ሰዎች ሰርዶም ይውሰዱ። ተንበረከክሁና የመጀመሪያውን ያዝኩ። ጣቴ ግን በራሱ አፈር ውስጥ ገባ፤ ሥሩን ተከተለ፣ ተከተለ፣ እስከ መጨረሻው አወጣው። ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩት። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆንኩ፤ እያለቀስኩ ነቀልኩ።

ስመለስ አማቴ እሳቱ አጠገብ ነበሩ። የት እንደዋልኩ አልጠየቁኝም። እጄን ያዙና ጥፍሬ ውስጥ ያለውን ቀይ አፈር አዩ።

«በጠስሽው ወይስ ነቀልሽው?»

«ነቀልኩት» አልኩ። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። እጄን አልለቀቁም።

«ከታች ያለው ጥግ ይከፋል» አሉ። «ብቻሽን አትዘልቂውም።»

ጠዋት ስነሣ ነጠላቸውን ታጥቀው በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር።